ላስቲኩ ሳይነሳ

ወንድምየው «ከክፍሉ ስወጣ የአባባ መተንፈሻ መሣሪያ እየሠራ ነበር፤ እሳቸውም ተኝተው ነበር» አለ። እህትየው ደግሞ «ስገባ መሣሪያው ጠፍቷል፤ የአባባ ነፍስ ወጥታለች። ከሱ በኋላ ማንም አልገባም። ያጠፋው እሱ ነው!» አለች።

ፖሊሶቹ በእሷ ቃል ወንድምየውን በነፍስ ግድያ ሊወስዱት በር ላይ ቆመዋል። መርማሪዋ ግን አልቸኮለችም፤ ወደ ሟች ክፍል ገባች። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው። መብራትም አልጠፋም።

ቤቱ ውስጥ ላስቲክ ያልለበሰ ነገር የለም፦ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሞቱ፣ የፍሪጁ በር፣ ሶፋው። አዲሱ የኦክስጅን መሣሪያም ዙሪያውን በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል።

«ለምን አታነሱትም?» አለች መርማሪዋ።

«ከተነሳማ ምኑን አዲስ ሆነ?» አለች የወንድምየው ሚስት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እሷ ለአዲስ ዕቃ ሟች ናት» አለች እህትየው። «ደህና የሚሠራውን የድሮውን መሣሪያ አስጣለችው። ይሄንን የገጠመው ሰውዬ ላስቲኩን ሲልጠው ደግሞ ልታንቀው ምንም አልቀራት!»

«አፍሽን ያዢ አንቺ!»

«ልጦት ነበር?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

እህትየው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

መርማሪዋ ከመሣሪያው ኋላ ተንበረከከች። ከላስቲኩ ስር አቧራና አንድ ሽበት ተጣብቋል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የመሣሪያው ካርቶን ተቀምጧል፤ ፎሙ በቦታው ገብቷል፣ ፌስታሉም በሥርዓት ተጣጥፏል።

«ይሄስ?»

«ልጥለው ነው» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«የሚጣል ፌስታል አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ዕቃውን ወደ ሱቅ ሊመልስ ያሰበ ግን ያጣጥፋል። ሱቁ ደግሞ የሚቀበለው ያልተነካ ከመሰለ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የተላጠውን ላስቲክ መልሶ ለጠፈው። አቧራውና የአባታችሁ ሽበት ከስሩ የቀሩት ያኔ ነው። መሣሪያው አየር የሚስበው ከኋላ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ሲታፈን ጋለ፤ ሲግል ራሱን አጠፋ። ወንድምና እህት፣ ሁለታችሁም አልዋሻችሁም።»

ሚስትየው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«ድምፅ የሌለው አዲስ ሞዴል ወጣ ሲሉኝ ልቀይረው ብዬ… ለሳቸው ብዬ እኮ ነው! ጠዋት ሲያሸልባቸው ለጠፍኩት። ይሠራ ነበር እኮ፣ ይሠራ ነበር! ወይኔ፣ በገዛ እጄ!»

እህትየው ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞራ። «መሣሪያው ሲግል ወደ ስልክዎ ማስጠንቀቂያ ይልካል። መላኩን ከመሣሪያው አረጋግጫለሁ። ሰምተው ችላ ብለውት ከሆነ እርስዎም ይጠየቃሉ፤ መስማትዎን ግን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሚስትየው የባሏን እግር ጨበጠች። «አልሰማሁም በላት! በናትህ! ሁለታችንም ከሄድን ልጆቹን ማን ያሳድጋቸዋል?»

ወንድምየው እጁን ሚስቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«ሰምቻለሁ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ በቅናሽ ማስታወቂያ ሲጮህ ነው የሚውለው፤ ያው እሱ መስሎኝ ሳላየው ዘጋሁት። ይሄንንም ጻፊው።» ወደ እህቱ ዞረ። «እታለም፣ ልጆቹን አንቺ ያዢልኝ። እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።»