ደህናውን ጎን አትንኩብኝ

መነፅር ሻጩ ያሕያ መጀመሪያ ያሳየኝ ግማሽ ፊት የሚሸፍን፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነበር።

«ይኼ ይሻልሻል፣ እህቴ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምንም አያሳይም።»

«ምን እንዳያሳይ ነው?»

አቀረቀረ። እኔ ደግሞ ሲያቀረቅሩልኝ ደሜ ይፈላል።

«ስማ፣ ልደበቅ አልመጣሁም። የግራ ዓይኔ አይከደንም፤ የደብረ ብርሃን ንፋስ አቧራ እየሞላ አስለቀሰኝ። ንፋስ የሚከለክል ስጠኝ። ነጭ ይሁን። አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ ልጆቹ ዓይኔን ማየት አለባቸው።»

እስከ ጆሮው ቀላ። ነጩን ሲፈልግ አንድ ሳጥን ሙሉ መነፅር መሬት ላይ ደፋ። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ቀኝ ከንፈሬ ወደ ጆሮዬ ይሮጣል፣ ግራው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን የሚያዞረው ያኔ ነው። ያሕያ ግን መልቀሙን ትቶ አየኝ። አፍጥጦ ሳይሆን ደስ ብሎት።

«እስኪ ድገሚው» አለ።

«ሌላ ሳጥን ድፋ!»

እንዲህ ተዋወቅን።

ፊቴ እንዲህ የሆነው ካቻምና ነው። አንድ ጠዋት ስጉመጠመጥ ውሃው በግራ በኩል ወረደ። አልዩ አምባ ያሉት ዘመዶቼ «መጋኛ መታት» አሉ፤ ሐኪሙ «የፊት ነርቭ ነው» አለ። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ እኔ በከፊል ዳንኩ። አለቀስኩ፣ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ያሕያ በየምክንያቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መታየት ጀመረ። ሻይ ስንጠጣ ከአፌ ጠርዝ ሲንጠባጠብ ወሬውን ሳያቋርጥ ሶፍት ያቀብለኛል። በዚያች ሶፍት ወደድኩት። ሽማግሌ ላከ፣ የኒካሁም ቀን ተቆረጠ።

ከዚያ እናቱ እትዬ ሱልጣና መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም እንከን አይወጣልሽም። ግን ሰርግ ነው። ካሜራ አለ፣ ዘመድ አለ። አዲስ አበባ ፊት ያስተካክላሉ ይባላል። ተስተካክለሽ ብትገቢ ምን አለበት?»

«እሷ ከፈለገች» አለ ያሕያ። ዓይኑ ግን ከእናቱ ላይ አልተነሳም።

ሄድን። ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። በመስታወት ፊት የሚሠራ የፊት ስፖርት እንዳለ፣ የዓይን ቆብ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ዓይን እንዲከደን የምትረዳ ትንሽ ክብደት እንዳለች፣ ከእግር ጡንቻ ወስዶ ፊት ላይ የሚተክል ከባድ ቀዶ ሕክምናም እንዳለ አስረዳችን። ለሰርጉ የሚደርሰው ግን መርፌ ብቻ ነው አለችን።

«መርፌው የታመመውን ያነሳዋል?» አልኳት።

«አይ። የሚወጋው ደህናው ጎን ነው። እሱ በጣም ስለሚስብ እናላላዋለን፤ ስትስቂ ልዩነቱ ያንሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ይለቃል። ወደውት የሚመላለሱ ብዙ ናቸው። ካልፈለግሽ ደግሞ ፊቱ ያንቺ ነው።»

«ዓይኔን አክሚልኝ። ደህናውን ጎን ግን አትንኩብኝ። አንዱ ዝም ብሎብኛል፣ ሌላውንም ዝም ላሰኘው?»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያሕያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አሲ፣ ለኒካሁ ብቻ። ይለቅ የለ እንዴ? ለእናቴ ብለሽ።»

«ስስቅ ታፍርብኛለህ?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴቶች ዞረው አዩን።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

«ገና ጫጫ ነው እኮ!» አለ ሾፌሩ።

«ጫጫም ሰው ይወርዳል!»

ያሕያ ብድግ አለ። ሴቶቹን አየ። ተመልሶ ተቀመጠ። ሚኒባሱ ይዞት ሄደ፤ እኔ ንፋሱ መሃል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ!

ደወለ፣ አላነሳሁም። ብቻዬን አዲስ አበባ ተመልሼ ዓይኔን ታከምኩ። አባቴ ዓብዱራህማን ነገሩ ገብቷቸው «ኒካሁ ይቅር?» አሉኝ።

«አይቅር፣ አባባ። በሰው ፊት አፍሮብኛል፤ የሚለውን በሰው ፊት ይበለኝ።»

ቀኑ ደረሰ፤ አልዩ አምባ፣ አባቴ ቤት ተሰበሰብን። በእኛ አገር ምስክሮች ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል መጥተው ፈቃዷን ይጠይቃሉ። ሙሽራ አትመልስም፤ ዝምታዋ እሺታ ነው፣ ጨዋነቷም ነው። እትዬ ሱልጣና ወፍራም መሸፈኛ አምጥተው እስከ አገጬ ጣሉብኝ።

«አሲያ፣ ያሕያን ወደሽ ነው?» አሉ አባቴ ከበሩ ላይ፣ ምስክሮቹን አስከትለው።

ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጁ። መሸፈኛውን ገለጥኩት።

«መጀመሪያ እሱ ይጠየቅ።»

«አስተግፊሩላህ! ሙሽራ ትናገራለች እንዴ?» አለች አንዷ አክስት።

«ይቺኛዋ ትናገራለች። ጥሩት።»

እምቢ ቢለኝስ? ይበል አልኩ ለራሴ፤ ልቤ ግን «ያ ረቢ» ይል ነበር።

ያሕያ መጣ። ከስቷል። ከኋላው ወንዶቹ ተኮለኮሉ።

«ፊቴ ይኸው» አልኩት። «መርፌውን ዛሬም አልወጋም፣ የዛሬ ዓመትም አልወጋም። ለእናትህም ለካሜራውም ብዬ ሳቄን አልቀንስም። በዚህ ከፈለግከኝ በሰው ፊት በል። ካልፈለግከኝ ምግቡ ደርሷል፣ በልታችሁ ሂዱ።»

ያሕያ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

«ጫጫ ላይ መውረድ ነበረብኝ» አለ ጮክ ብሎ። «ፈሪ ስለሆንኩ ነው የተቀመጥኩት። የማፍረው በራሴ ነው፣ በአንቺ አይደለም። እፈልግሻለሁ። ሳቂ፣ ጣሪያው እስኪነሳ ሳቂ!»

«ያሕያ!» አሉ እትዬ ሱልጣና።

«እማ፣ የማገባት እኔ ነኝ። የሚያማት ካለ ከእኔ ጋር ይጣላ።»

እሳቸው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ተቀይመው ይሁን ደስ ብሏቸው እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ፣ ደንቡ ያው ነው። ከፈቀድሽ ዝም በይ።»

ዝም? እኔ? ጠማማ አፌን እስከቻልኩት ከፍቼ፣ አንኮበር ዳገት ድረስ ይሰማ ብዬ፣ «ፈቅጃለሁ!» አልኩ።