የሙዝሂር ጺም

ሙዝሂር የተገኘው ከነዳጅ ማጠራቀሚያው መሰላል ሥር በጀርባው ተዘርሮ ነው። የጋዝ መከላከያ ጭንብሉ አሁንም ፊቱ ላይ ነበር። የነዳጅ ፖሊሱ ሻምበል ዓዋድ ጭንብሉን ሲያነሳው፣ ሁለት ወር ምላጭ ያልነካው ጺሙ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

«የጋዙ መርዝ ነው የገደለው» አለ የጣቢያው ሐኪም። ይህን እንኳ ማንም አልተጠራጠረም።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። የሟች አባት ሐጂ ዳኺል ጠመንጃ ያነገቱ ዘመዶቻቸውን አሰልፈው ቆመዋል። ከሁለት ወር በፊት የሙዝሂርን ታላቅ ወንድም የገደሉት የጣቢያው ዘበኛ የሃቲፍ ጎሳ ሰዎች ናቸው። ሙዝሂርም ደሙ በሽማግሌ እስኪያልቅ ድረስ ላይላጭ ምሎ ነበር። አሁን ዘመዶቹ «ልጃችንን ገድሎ ጺሙን የላጨው ሃቲፍ ነው፤ እስከ ቀትር ስጡን፤ አለዚያ ገብተን እንወስደዋለን» ብለዋል። የባስራ በረሃ ፀሐይ ደግሞ ለቀትር ትቸኩላለች። ዓዋድ መቀመጥም መቆምም አቃተው።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንጂነር ሰርመድ የባግዳድ ሰው ነው፤ ዓዋድ ሲጠይቀው አገጩን እያሻሸ መለሰለት።

«አደጋ ነው! ተላጭቶ ወጣ፣ አሮጌው ጭንብል ጋዝ አስገባበት። በቃ!»

«መላጨቱ ምን አገባው?»

«ጺም ካለ ላስቲኩ ከቆዳ ጋር አይገጥምማ! ጺማም ሰው መሰላሉን እንደማይረግጥ እዚህ ውሻው ሳይቀር ያውቃል።»

«መሰላሉን የመውጣት ተራው የማን ነበር?»

«የፋሊህ። ሰርግ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ።»

ፋሊህ የሰርግ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ ያለቅሳል። «ጓደኛዬን እኔ ነኝ ያስበላሁት!»

«ራሱ ተላጭቶ ይሆን?»

«ሙዝሂር? ሻምበል፣ እርስዎም እኮ የዚሁ አገር ሰው ነዎት! ከሚላጭ አንገቱን ቢሰጥ ይቀለው ነበር።»

ሃቲፍ ለራሱ ደኅንነት ሲባል ዘበኛ ቤት ተቆልፎበታል። ጥያቄውን ሲሰማ ሳቅ አመለጠው፤ የፍርሃት ሳቅ ነው።

«የደመኛዬን ጺም ላጭቼ የገዛ መቃብሬን ልቆፍር? ምን፣ አብጃለሁ?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ዓዋድ ወደ ሬሳው ተመለሰ። አንገቱ ሥር ምላጭ የቆረጠው ቦታ አለ፤ ደም ግን ጠብ አላለበትም። የጭንብሉን ላስቲክ ገልበጥ ቢያደርገው ረጃጅም የጺም ፀጉሮች ተጣብቀውበታል።

ሰዎቹን ሁሉ፣ ሃቲፍንም ጨምሮ፣ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ሐጂ ዳኺልም ጠመንጃቸውን በር ላይ ትተው ገቡ።

«ሙዝሂር ጭንብሉን ያጠለቀው ከነጺሙ ነው፤ ፀጉሩ ላስቲኩ ላይ ቀርቷል። የተላጨውም ከሞተ በኋላ ነው፤ ሬሳ ሲቆረጥ አይደማም። የላጨው ሰው ጭንብሉን መልሶ አጥልቆለታል» አለ ዓዋድ። «ታዲያ ማን ላጨው? ሃቲፍ የደመኛውን ጺም ቢነካ ጦር እንደሚያስነሳ ያውቃል። ፋሊህም መሐላውን ያውቃል፤ ተላጨ ቢባል ማንም እንደማያምን አይጠፋውም። ጺም ማለት ለላስቲክ የማይመች ፀጉር ብቻ የሆነለት ሰው ግን አለ።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። «ያለ እርስዎ ትእዛዝ መሰላሉን የሚረግጥ የለም። በየጠዋቱ ሠራተኛውን 'ተላጩ!' እያሉ የሚያስጨንቁት እርስዎ፣ ዛሬ ራስዎ አልተላጩም። ምላጭዎ የት አለ?»

ሰርመድ አገጩን ያዘ።

«ሥራው ሊቆም ነበር… አልወጣም አለኝ። አባርርሃለሁ አልኩት። ሲወድቅ ሳይ፣ ጺማም ሰው ላከ እንዳልባል በምላጬ ላጨሁትና ምላጩን ጣልኩት… እኔ አልገደልኩትም!»

«ልከኸዋል» አለው ዓዋድ። «ከዚያ ደግሞ በምላጭህ ይሄን ምስኪን ዘበኛ ልታስገድለው ነበር።»

ሐጂ ዳኺል ኢንጂነሩን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። «ስለዚህ ልጄ ቃሉን አላጠፈም?»

«አላጠፈም፣ ሐጂ።»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዓዋድም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ሐጂ ተነሥተው ሃቲፍን ክንዱን ያዙት፤ ሃቲፍ ዓይኑን ጨፈነ።

«ና፣ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጥ። ሽማግሌዎቻችሁ ዘንድ አብረን እንሂድና ይሄ ደም ይብቃው። እኔ ሌላ ልጅ አልቀረኝም።»

መኪናዋ በተሰለፉት ጠመንጃዎች መሃል ቀስ ብላ አለፈች። ማንም አልተኮሰም።