አሳሪው በትርና የግዙፋኑ እሳት

በንጉሥ ዳሞር ዘመን፣ በአንድ የበጋ ንጋት፣ በድማዛ ከተማ በር ላይ የቆመው የድንጋይ ግዙፍ አነባ። ዕንባው ከግራ ዓይኑ ወርዶ፣ ጉንጩን አርሶ፣ ሕፃናት ሲወጡበት ሲወርዱበት ያለሰለሱት ጉልበቱ ላይ ጠብ አለ። የቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ተሰብስበው መከሩ። አንዱ ጤዛ ነው አለ፤ ሌላው የዝናብ ምልክት ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ ምሳ እንዳያመልጠው የቸኮለ ይመስላል፣ ድንጋይ ማልቀስ ስለማይችል አላለቀሰም ብሎ ፈረደ።

የንጉሡ ልጅ ሰብልያ ግን ጠብታውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ጨው ነበር።

ድማዛ ንስር በአንድ ትንፋሽ የሚያቋርጣት ትንሽ አገር ናት። ተራሮቿ ብረት አርግዘዋል፤ ብረቱን ከዐለቱ አላቅቆ የሚያቀልጥ እሳት ግን አልነበራትም። ያ እሳት ከባሕር ማዶ በሚኖሩት በአርቃን ግዙፋን እጅ ብቻ ይገኛል። አርቃኖች ሀብታቸውንና ጥበባቸውን ይዘው ከአገር አገር እየተሻገሩ በብዙ መንግሥታት ምድጃ የተከሉ ወገኖች ናቸው። ምድጃቸው በነደደበት ሁሉ መንገድ ይጠረጋል፣ ገበያ ይቆማል፣ ሥራ የፈታ ወጣት ሥራ ያገኛል። ወደ ድማዛ ግን ድርሽ አይሉም። የሰብልያ እኩዮች እየተነሡ ወደ ጎረቤቷ ጋልሞ ይሰደዱና የሰው አገር ድንጋይ ይሸከማሉ፤ በሠርግ ላይ የሚዘፍን ጎረምሳ እንኳ እየጠፋ ነበር። አገሯ በዓይኗ ፊት ባዶ ስትቀር ማየት ሰብልያን አንገበገባት።

ለነገሩ ድማዛ እንግዳ በመቀበል አትታማም። የግዙፋኑ መልእክተኛ በመጣ ቁጥር ጠጅ ይጣላል፣ ሰንጋ ይታረዳል። ግብዣው ሁልጊዜ በዚያ በድንጋዩ ግዙፍ ሥር ነው። የአገሩ ኩራት እሱ ነበርና አበባ ያጠልቁለታል፤ አባቶቻቸው እንዴት እንደጣሉት ከበሮ እየመቱ ይፎክሩበታል። ሲነጋ መልእክተኛው የለም። ድማዛዎችም ጠጁ ቀጥኖ ይሆናል እያሉ ለሚቀጥለው እንግዳ ማሩን ይጨምሩ ነበር።

ሰብልያ በአባቷ ዙፋን ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ እነሱ ካልመጡ እኛ እንሂድ። የአርቃንን እሳት ሳልይዝ የድማዛን በር ተመልሼ ላልረግጥ በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ።»

ንጉሡ ከእሷ ሌላ ልጅ አልነበራቸውምና አመነቱ። በመጨረሻ እሷን በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ሽማግሌ ጦረኛ ጎንጤ እንዲከተላት አዘዙ። ሊቃውንቱም ድማዛን ከገነት የሚያስበልጥ ረጅም የውዳሴ ንግግር በቃሏ አስጠንተው ሸኟት።

ከባሕሩ በፊት የጉም ማለፊያ አለ። ጠባቂው ጉምባር የሚባል አውሬ ነው፤ አካሉ ጭጋግ፣ ጥርሱ በረዶ፣ ምግቡ ውሸታም። ጎንጤ ገና ከሩቁ አፉን በጋቢው ጠቅልሎ ዝም አለ። አውሬው ሰብልያን አስቁሞ ምን ይዛ እንደምትሄድ ጠየቃት። ያጠናችውን ጀመረች፤ የድማዛ ወንዞች ማር ያፈልቃሉ ከማለቷ የበረዶ ጥርስ ትከሻዋ ላይ ተሰካ። ደሟ ቀሚሷን ሲያርሰው ውዳሴውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ትንሽ አገር አለችኝ፣ ብረት እንጂ እሳት የላትም፣ እንግዶች ለምን እንደሚሸሹን አላውቅም አለች። ጉምባርም ገለል ብሎ አሳለፋት።

ጎንጤ አፉን የፈታው ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ነው። «እኔን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ፣ እመቤቴ፣ ስሜን ብነግረው እንኳ ይበላኝ ነበር» አለ።

ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው የአርቃን አለቃ ወደሆነችው ወደ ኦርዳ አዳራሽ ገቡ። ኦርዳ ተቀምጣም ራሷ ከጣሪያው ወራጅ ይደርሳል። የጋልሞ መልእክተኛ ቀድሟቸው ደርሶ፣ መቶ ዓመት ግብር እንደማይጠየቅና ተራራው በነፃ እንደሚሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። ኦርዳ ይህን ነግራት፣ ድማዛ ምን እንደምታስበልጥ ጠየቀቻት።

ሰብልያ ቀና ብላ መለሰች፤ «አናስበልጥም፣ እመቤት ኦርዳ። ግብር እንጠይቃለን፤ ብረትዎ የሚሻገርበትን ድልድይ የምንሠራው በእሱ ነው። ጥበቡንም ለልጆቻችን እንዲያስተምሩልን እንጠይቃለን። እኛ ደግሞ መንገድ እንጠርጋለን፣ ወንዝ እንጠልፋለን፣ የማይሰንፍ እጅ እንሰጣለን።»

ኦርዳ ስትስቅ አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ሁሉን የሚሰጥ ነገ ሁሉን እንደሚነጥቅ በሌሎች አገሮች አይታ ነበርና መልሱን ወደደችው። ቀጥሎ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«በራችሁ ላይ አበባ የምታጠልቁለት ወንድሜ ሩማ ነው። የአያትሽን ቃል አምኖ ምድጃ ሊተክል መጣ። እሳቱ በነደደ ማግስት አያትሽ አሳሪውን በትር አነሣ። በምድራችሁ ላይ የተተከለን ሁሉ ለንጉሡ ፈቃድ የሚያስረውን በትር። ምድጃው ጠፋ፣ ሀብቱ ተወረሰ፣ ወንድሜም ደርቆ ቀረ። በትሩ ዛሬ በአባትሽ እጅ ነው። ምን አምኜ ልምጣ?»

ሰብልያ መሬት ብትዋጣት ወደደች። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን እንግዶቻቸውን የሚጋብዙት በእንግዶቹ በራሳቸው ዘመድ ራስጌ እየፎከሩ ነበር። እሷም በልጅነቷ ያ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላ ነበር። ጎንጤ በጎን «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነሱ ግን ያዩት እባቡን ራሱን ነው» ብሎ አጉረመረመ።

ኦርዳ እንዳለችው፣ በትሩ ቢሰበር ሩማ ይፈታል። ነገር ግን በትሩ የሰበረውን ሰው በሩማ ፋንታ ድንጋይ አድርጎ ያቆመዋል። ሰብልያ ብዙ አላመነታችም፤ በገዛ እጇ ልትሰብረው ማለች። ምስጢሩንም ለአባቷ እንዳይነግር ጎንጤን አስማለችው። ኦርዳ እሳቷን በናስ ጋን ይዛ አብራቸው ተነሣች፤ ከከተማው አፋፍ ሰፍረው ሲያድሩም፣ መምጣታቸውን ያበስር ዘንድ ጎንጤ ቀድሞ ገባ።

በማግስቱ ግዙፏ ስትታይ ሕዝቡ እንደልማዱ ከበሮ መታ፣ ፉከራ ጀመረ። ሰብልያ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ሐውልቱ ላይ ወጥታ አበባውን በጠሰች። ኦርዳ ተንበርክካ በቀሚሷ ጫፍ ከወንድሟ ፊት የወፍ ኩስ መጥረግ ጀመረች። በአደባባዩ ያለው ሁሉ ወንድሟ መሆኑ ገብቶት አንገቱን ደፋ።

ንጉሡ በትሩን ይዘው ወረዱ። ሰብልያ እጇን ዘረጋች። «ጃንሆይ፣ ቃል ገብቻለሁ። በትሩን ይስጡኝ።»

«በትር የሌለው ንጉሥ ምን ንጉሥ ነው?» አሏት።

«ቃሉ የሚታመን።»

ንጉሡ ፈገግ አሉ። በትሩን ግን አልሰጧትም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ዛሬ ሁለቱንም አላጠፋም» አሉና፣ ሰብልያ ሳትደርስባቸው በትሩን በጉልበታቸው ላይ ሰበሩት።

ሰብልያ ዞራ ጎንጤን አየችው። ሽማግሌው ዕንባው በጢሙ ላይ እየወረደ «ጉምባር ይብላኝ፣ እመቤቴ፤ ትናንት ነግሬያቸዋለሁ» አላት።

ድንጋዩ ከንጉሡ እግር ጀምሮ ወደላይ ወጣ። «አባዬ» አለች፤ ጃንሆይ ማለቱ ጠፋባት። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሱ፤ እጃቸው እዚያው ጉንጯ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ከጎናቸው ሩማ ከእንቅልፍ እንደሚነሣ ሰው ተንጠራርቶ፣ እሳቴን ማን ነካው ብሎ ጠየቀ። እህቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም ጋኑን አቀበለችው።

በዚያው ወር በተራራው ሥር ምድጃው ነደደ። ቆይቶም ግብሩ ድልድይ ሆነ፤ የተሰደዱትም ያንን ድልድይ ተሻግረው ገቡ፤ የሠርግ ዘፋኝም እንደገና ተትረፈረፈ። የአርቃን መምጣት በተሰማ ጊዜ ከሩቅ ባሕር መስታወት ሠሪዎችና ሐር ፈታዮች፣ የታላላቅ ቤቶች መልእክተኞች ሁሉ፣ ድማዛን ሊያዩ ይመጡ ጀመር። ንግሥት ሰብልያ በበሩ ላይ ፉከራም አበባም ከለከለች። በየንጋቱ ራሷ ወጥታ የአባቷን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ጉንጯንም በተዘረጋው የድንጋይ እጅ ላይ ጥቂት ታሳርፋለች።

አሁን የመጣ እንግዳ ሲነጋም እዚያው ነው። ይህ ማን እንደሆነ ይጠይቃታል።

«አባቴ ናቸው። ቃላችንን ይጠብቃሉ» ትለዋለች።

እንግዳውም ጓዙን እንዲያራግፉ አሽከሮቹን ያዝዛል።