የጥብቁ ዱር ፊርማ

«አንቺን አይደለም የሚፈልገው፤ ፊርማሽን ነው» አላት ወንድሟ ዱዌይን፣ የኮርቻውን ጠፍር ባንኮኒው ላይ እየወረወረ።

አርዲስ የጥይት ካርቶኖቹን እያጋጨች መደርደሯን ቀጠለች። ያናደዳት የእሱ መናገር አልነበረም። ከግንቦት ጀምሮ እሷም ያንኑ ስታስብ ከርማለች።

በዋዮሚንግ ሕጉ ግልጽ ነው። የሌላ ግዛት ሰው ዕጣ ወጥቶለት የአደን ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ ጥብቁ ዱር በሚባለው፣ ሰው በማይሠፍርበት ክልል ውስጥ ኤልክ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን ወይም ሌላ ትልቅ አውሬ ለማደን ብቻውን አይገባም። ወይ እንደ ዱዌይን ያለ ባለሙያ መሪ በሰባት ሺህ ዶላር ይቀጥራል፣ ወይ አንድ የግዛቱ ነዋሪ በነጻ አብሬው እወጣለሁ ብሎ ይፈርምለታል። ነዋሪው ሰባራ ሳንቲም መቀበል አይችልም። ስለዚህ ሰው የሚፈርመው ለዘመዱ ነው፤ ወይም ለሚወደው።

ዱዌይን የሚያማው ኤመሪ ደግሞ የኦሃዮ ሰው ነው።

የተዋወቁት በጥር፣ በማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ነበር። ንፋስና በረዶ አውራ ጎዳናውን ዘግቶት የከባድ መኪና ሹፌሮች ሁሉ ከተማዋ ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። አርዲስ የአደን ዕቃ መደብሩን ልትቆልፍ ስትል ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ረጅም ሰው፣ እየሮጠ መጣ።

«እህቴ፣ ኢንተርኔት አላችሁ?»

«ዘግተናል።»

«አምና አባቴን ሳስታምም ሳላመለክት አለፈኝ። ዘንድሮም ካለፈኝ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ማለት ነው። ዕጣው ላይ ቅድሚያ እንዳገኝ አሥር ዓመት ያጠራቀምኩት ነጥብ በሙሉ ይሰረዛል።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ከፍለህ አንድ ኤልክ አላደንክም?»

«ፎቶውን አይቻለሁ።»

ሳትወድ ሳቀች፤ ቁልፉንም መልሳ አዞረችው። የእሱ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው ስለነበር የምትጽፈው እሷ ሆነች። ተቀባይነት ባያገኝም የማይመለሰውን የማመልከቻ ክፍያ፣ ከዚያም ሰባት መቶ ገደማ የሆነውን የፈቃድ ዋጋ ከካርዱ ላይ ሞላች። ቅጹ የዓይን ቀለም ይጠይቃል። ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ለአንዲት መስመር ከሚያስፈልገው በላይ ተያዩ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ መኪናውን መደብሩ ፊት ለፊት ያቆም ጀመር። በግንቦት ዕጣው ወጣለት። የወጣለት ቦታ ግን ጥብቁ ዱር ነው።

ዱዌይን ያን ተናግሮ ከወጣ በኋላ፣ የዚያኑ ሳምንት ኤመሪ መጣ። አርዲስ ኮቱን እንኳ እስኪያወልቅ አልጠበቀችውም።

«ይሄ ሕግ ባይኖር ኖሮ እዚህ ትቆም ነበር?»

ኤመሪ ወለሉን አየ። ምናልባት ቃል እየመረጠ ይሆናል። እሷ ግን ሰው የሚዘገየው ውሸት ሲፈልግ ነው ብላ ቆረጠች።

«በቃ፣ አልፈርምም» አለችው።

«እሺ» አለ።

ያቺ እሺ ከምንም በላይ አበገነቻት። ቢለምናት ታባርረው ነበር፤ ቢሰድባት ትሰድበው ነበር። በእሺ ምን ይደረጋል?

ጥቅምት ገባ፤ አደን ተከፈተ። ኤመሪ የወሰደውን ዕረፍት አልሰረዘም። ከተማው ውስጥ ተከራይቶ ተቀመጠ፤ ጠዋት ጠዋት ወደ መደብሩ ብቅ ይላል፣ የማያስፈልገውን ጓንት ይገዛል፣ ይሄዳል። አራተኛውን ጓንት ሲያነሳ ከእጁ ነጠቀችው።

«ስንት እጅ ነው ያለህ? ለምን አትወጣም?»

«ያለ መሪ ብወጣ ወንጀል ነው።»

«ዱዌይንን ቅጠረው። ከሰባቱ ሺህ ቀንሼ እመራሃለሁ ብሎህ የለ?»

«እሱን ከቀጠርኩ ለኤልኩ ነው የመጣሁት ማለት ነው።»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «ማን እንዲህ አድርግ አለህ? አሥር ዓመትህን እግሬ ሥር ጥለህ ዕድሜ ልኬን ‹ለአንቺ ብዬ› ስትለኝ ልትኖር? ምን አለብኝና ነው ይሄን የምሸከመው?»

«አልልሽም።»

«ትላለህ። ሁሉም ይላል። ዛሬ ባትል የዛሬ አምስት ዓመት ወጡ ሲያንስህ ትላለህ።»

በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወደ አደን ጽሕፈት ቤት ሄደች። ፈረመች። አደኑ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ተነስ» አለችው ተመልሳ። «ከፍቅር የተነሳ እንዳይመስልህ። ወደፊት የምትወቅሰኝ ነገር እንዳይኖርህ ነው።»

ዱዌይን ፈረሶቹን ከለከላቸው፤ በእግራቸው ወጡ። ሁለት ቀን ከሥራ ቃል በቀር አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥዱ ጠርዝ ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ ብቅ አለ። ኤመሪ ወደ እሷ ዞረ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለች በሹክሹክታ። «ተኩስ።»

ተኮሰ። ሥጋውን ለማውረድ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። አርዲስ የኤልኩን የኋላ እግር ተሸክማ ቁልቁለቱን ስትወርድ ኦሃዮን፣ ሕጉን፣ ወንድሟንና ራሷን ተራ በተራ ስትረግም ነበር። ኤመሪ ሥጋውን ጭኖ ወደ አገሩ ሄደ።

እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፈለገውን አግኝቷል፤ ፊርማዋ ሥራውን ጨርሷል። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አልመጣም። አልደወለምም። በሦስተኛው ሳምንት ዱዌይን ይሳለቅብኛል ብላ ስትጠብቅ ዝም አላት። ዝምታው ከፌዙ ባሰባት።

ሐሙስ ከሰዓት ከመንገዱ ማዶ፣ ጎማ በሚጠገንበት ጎማ ቤት አጠገብ አንዲት የጭነት መኪና ቆመች። ኤመሪ ከጎማ ቤቱ በላይ ወዳለው ቤት በሚያወጣው ደረጃ ላይ ከአንድ ፍራሽ ጋር ይታገላል። ኮት ሳትደርብ ተሻገረች።

«ስልክህ የት ገባ?»

«አለ።»

«ጣትህስ?»

«ብደውል እመጣለሁ ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። አታምኚኝም ነበር።»

«አሁንም አላምንህም። ለምን መጣህ? ፈቃዱ ለነዋሪ ሃምሳ ሰባት ዶላር ብቻ ስለሆነ ነው?»

«ነዋሪ ለመባል ዓመት ሙሉ እዚህ መኖር አለብኝ። ነጥቤ ደግሞ ዕጣው የወጣልኝ ቀን ዜሮ ሆኗል። ከዚህ ተራራ የምጠብቀው የለኝም፣ አርዲስ። እናቴን አሳምኜ፣ ሥራዬን ለቅቄ፣ ዕቃዬን እስክጭን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጎማ ቤቱ ቀጥሮኛል።»

ፊቱ ላይ ውሸት ፈለገች። አጥብቃ ፈለገች። ድካምና የሦስት ቀን ጢም ብቻ አገኘች።

«ጅል ነህ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ተሰባበረ። «የላይኛው ቤት ማሞቂያ እንደማይሠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል። በብርድ ልትሞት ነው። አንድ ሰው አትጠይቅም?»

«ማንን ልጠይቅ?»

«እኔን። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር ስትጥልም ስታነሳም እኔን ትጠይቃለህ።»

መልሱን አልጠበቀችም። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ የፍራሹን የታችኛውን ጫፍ ያዘች።

«ወደ ግራ አዙረው» አለችው። «ወደ ግራ አልኩህ እኮ።»