ከናፕኪን የታጠፈችው ወፍ

«አስጎብኚ ድርጅቶቹ ዛሬም አልደወሉም?» አለ ኪዳነወልድ፣ ከጠረጴዛ ልብሱ ክምር ላይ ቀና ሳይል።

«አልደወሉም» አለች ልጁ ሮዳስ። የአባቷ ስልክ በዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ሲኖትራክ ሙሉ ጠጠር የተሸከመች መሰላት።

የሆቴሉ ላውንደሪ ምድር ቤት ስለሆነ ኔትዎርክ አይገባም። ስለዚህ ስልኩን የምትይዘው እሷ ናት።

ኪዳነወልድ አንኮበር ላይ አስጎብኚ ነበር። ያውም ምን ዓይነት! ወፍ ገና አፏን ሳትከፍት ማን እንደሆነች የሚያውቅ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ እንኳ ሲያየው ከመቀመጫው የሚነሣለት! ቱሪስቱ ሲጠፋ ግን ሁሉም ደብረ ብርሃን ገባ። ከተማው ስብሰባ በስብሰባ ሆኗል፤ ግማሹ ዓለም ለሥልጠና እዚህ የሚመጣ ይመስላል። ለፈረንጅ ይቀቅል የነበረው ወጥ ሠሪ ለተሰብሳቢ ቡፌ ይደረድራል። በቅሎ ያከራይ የነበረው ጋሽ ባዩ በር ይጠብቃል። ኪዳነወልድ ደግሞ አንሶላ ይተኩሳል።

ትናንት ግን ስልኩ ሮዳስ እጅ ላይ ሳለ ጮኸ። ይርጋለም የምትባል፣ አዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ወፍ የሚያዩ እንግዶች እንደገና ሊመጡ ነው፤ አንኮበር ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ትፈልጋለች፤ ከኪዳነወልድ ሌላ አታምንም።

ሮዳስ አዲሱ ትምህርት ቤቷ ታያት። ጓደኞቿ ታዩአት። እንደገና ወደዚያ ዳገት!

«አባዬ ሥራውን ትቶታል» አለች።

«ውይ! በቃ፣ እስከ ነገ ማታ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለች ይርጋለም።

ነገ የተባለው ይኸው ዛሬ ነው።

«እዪልኝ እስቲ» አለ ኪዳነወልድ። ከነጭ ናፕኪን ወፍ አጥፏል። ምንቃሯ ሳይቀር፣ እፍ ቢሏት የምትበር! «አለቃዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሦስት ማዕዘን አድርገህ እጠፈው፣ ተሰብሳቢ ወፍ አይበላም!›» ብቻውን ሳቀ። ከዚያ የወፏን ጭራ በጣቱ እያቃና፣ «ረስተውኛል መሰለኝ፣ ሮዲዬ» አለ። «ይሁን። ዋናው ያንቺ ትምህርት ነው።»

ቢቆጣት፣ ቢጮህባት በቀለላት ነበር።

«አባዬ፣ ና ወደ ውጭ እንውጣ።»

«ምነው?»

«እዚህ ኔትዎርክ የለም።»

ወፏን በሁለት እጁ እንደያዘ ተከተላት። በሩ ላይ ጋሽ ባዩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ማን መርዶ ነገረሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል!» አላት። የትናንቱን ቁጥር ደወለች። ልቧ ሲመታ ደብረ ሲና ድረስ የሚሰማ መሰላት።

«ሄሎ፣ ይርጋለም ነኝ።»

«የኪዳነወልድ ልጅ ነኝ» አለች ሮዳስ፣ አባቷን እያየች። «ትናንት ሥራውን ትቶታል ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አልተወውም። እዚሁ አለ።»

የኪዳነወልድ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ሮዳስ ስልኩን ዘረጋችለት። እጁን ባዶ ለማድረግ ወፏን የሚያኖርበት አጣ።

ሮዳስ ሌላውን መዳፏን ከፈተችለት።