ቢጫው የልባሽ ሳጥን

«ከየት መጣ? ከየት መጣ?»

ልጆቹ የምሳ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይደልቁታል። ሌስያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጥታ፣ ክንዶቿን ዘርግታ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ዞረች። የለበሰችው አረንጓዴ የከፋይ ጃኬት ነው። ወገቡን በሰፊ የወንድ ቀበቶ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፣ ኮሌታውን አቁማዋለች፤ ሲያዩዋት ከመጽሔት ላይ ተቆርጣ የወጣች ትመስላለች።

«የቅድመ አያቴ ነው!» አለች። «ጊምሊ ያለው የሐይቅ ዳር ቤታችን ቆጥ ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔን ሲጠብቅ ነበር።»

«ኧረ ገደልሽን!» አለች አንዷ። ሌሎቹ አጨበጨቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሲከፈት ስድስት የዘጠነኛ ክፍል ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ከሱቅ አዲስ ልብስ ላይገዙ ተማማሉ። የታላቅን ማጥበብ፣ የአባትን መቁረጥ፣ የተጣለን አንስቶ መዘነጥ። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዷ የለበሰችውን ታሳያለች፣ ከየት እንዳገኘችውም ትናገራለች። ታሪክ የሌለው ልብስ አይቆጠርም። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን። እየቆየ ግን «እሱን ባለፈው አየነው እኮ» የሚባል ነገር መጣ። ይሄን የተባለች ልጅ ምሳዋን አንገቷን ደፍታ ትበላለች።

ከስድስቱ አንዷ ጆቪ ግን አላጨበጨበችም። ዓይኗ የጃኬቱ ግራ ክርን ላይ ተተክሎ ቀረ።

ክርኑ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ ስፌት አለ። ክሩ ብርቱካናማ ነው፤ የሰፋችው ልጅ አረንጓዴ ክር ስላለቀባት። የሰፋችው ደግሞ ጆቪ ራሷ ናት። ሰው የገዛ እጁን ስፌት አይስተውም።

አክስቷ ቲታ ኖርማ ከፊሊፒንስ መጥታ እዚሁ ዊኒፔግ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰፋች ሴት ናት። እሷ ባለችበት ቤት የተቀደደ ልብስ ለሰው አይሰጥም። ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ከዚያ ይሰጣል። ጃኬቱ ጆቪን ትከሻዋ ላይ ስለጠበባት አንድም ቀን ሳትለብሰው ክርኑን ጠገነችና ረቡዕ ዕለት ከሆኪው ሜዳ ጀርባ በቆመው፣ ለችግረኛ የሚሰጥ ልባሽ በሚጠራቀምበት ቢጫ የብረት ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ሳጥኑን የሚያራግፈው መኪና የሚመጣው ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሌስያን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«ቅድመ አያትሽ ብርቱካናማ ክር ትወድ ነበር?»

«ምን?»

«ክርኑ ላይ ያለው ስፌት የኔ ነው፣ ሌስያ። ረቡዕ ነው ሳጥኑ ውስጥ የጨመርኩት።»

ሌስያ ክርኗን አጥፋ ስፌቱን አየችው። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። «ነቃሽብኝ! ኧረ በናትሽ ድምፅሽን ቀንሺ!»

«የቅድመ አያትሽ አጥንት ይውቀስሽ።»

«እሷማ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር፣ አንዴ ሞታ ነው እንጂ። ደግሞ ምን አጠፋሁ? ሰው የጣለውን ነው ያነሳሁት።»

«አልጣልኩትም። ለቸገረው ሰው ነው የሰጠሁት።»

«እኔስ አልቸገረኝም? ዓርብ ደርሶ የምለብሰው ሲጠፋ ችግር አይደለም?» ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ያችኑ የአባትሽን ሸሚዝ አንዴ ቀሚስ፣ አንዴ ሰደርያ፣ አንዴ ቦርሳ እያደረግሽ ዓመቱን ትጨርሻለሽ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የልብስ ትርኢቱ ነው። መላው ትምህርት ቤት ፊት ነው የምንወጣው። እኔ የታየ ነገር ደግሜ አልወጣም።»

ይህን እያለች እጅጌዋን ስትሰበስብ ጆቪ ክንዷን አየችው። ከክርኗ በታች፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ጥቁር ሰማያዊ ሰንበር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳጥኑ ነከሰኝ» አለች ሌስያ እየሳቀች። «ዛሬ አብረሽኝ ብትመጪ ግን አይነክስም። በሩን አንቺ ትይዢልኛለሽ።»

ጆቪ እንቢ ማለት ነበረባት። ግን ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣች ጊዜ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት፣ «ነይ እዚህ ተቀመጪ» ያለቻት ሌስያ ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ውለታ አፍ ያስይዛል። ሄደች።

ከሆኪው ሜዳ ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ጭር ብሏል። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፤ ግን ለይስሙላ የተለጠፈች ይመስል ሙቀት የሚባል አልነበራትም። ሳጥኑ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አፉ በሰው ደረት ልክ ነው፤ ከባድ የብረት በር አለው፣ ሲገፉት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የገባ እንዳይወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጎኑ ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የሰው ሥዕል ተለጥፏል። ከሥሩ አንዲት የሕፃን ጓንት በረዶ ይዟት ጣቶቿን ወደ ላይ ቀስራ ቆማለች።

«ትናንት ከታች ነጭ ካፖርት አይቻለሁ» አለች ሌስያ። «ረጅም። ቁልፎቹ የእንጨት። ለትርኢቱ እሱን ከለበስኩ አለቀ።»

«ሌስያ፣ ይቅርብን።»

«አታካብጂ አቦ። ስድስት ጊዜ ብቻዬን ገብቼ ወጥቻለሁ። ያዢ!»

ጆቪ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ያዘችው። ሌስያ አንድ የፕላስቲክ የወተት ሳጥን ላይ ወጣችና ጭንቅላቷን፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ እስከ ወገቧ ድረስ አስገባች። እግሮቿ አየር ላይ ቀሩ። ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆነ።

«አየሁት! ትንሽ... ትንሽ ነው የቀረኝ!»

የብረቱ ቅዝቃዜ ጓንቷን አልፎ ገባ። ጆቪ ጣቶቿ በሩን ይዘው ይሁን ለቀውት መለየት አቃታት። ከዚያ አንደኛው ጓንት አሟለጫት።

በሩ ብዙ ድምፅ አላሰማም። «ድፍ» ብቻ አለ፣ ሌስያ ጀርባ ላይ።

መጀመሪያ ሌስያ ሳቀች። «ኧረ ያዢ እንጂ አንቺ!» አለች። ቀጥላ «ጆቪ፣ ግፊው» አለች። ቀጥላ «ጆቪ» አለች። ከዚያ ምንም አላለችም፤ እስትንፋሷ ብቻ፣ አጠር አጠር እያለ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ይሰማል።

ጆቪ ገፋች። በሩ አልተነቃነቀም፤ የሌስያ ወፍራም የክረምት ጃኬት ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ተሸብቧል። ጮኸች። ከሩቅ አንድ አውቶቡስ መስኮቶቹ በእንፋሎት ተሸፍነው አለፈ፤ ማን ይስማት። ጓንቶቿን ጣለችና በባዶ እጇ በብረቱና በሌስያ ጀርባ መካከል ቆፍራ ገባች። መዳፏ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፤ መንጭቃ አላቀቀችው። ከዚያ የሌስያን ወገብ አቅፋ፣ እግሯን ሳጥኑ ላይ ተክላ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ኋላ ሳበች።

አንድ ነገር ተተረተረ። ሌስያ በአረንጓዴው ከፋይ ብቻ ወጥታ በረዶው ላይ በጀርባዋ ወደቀች። የክረምት ጃኬቷ የሳጥኑ አፍ ላይ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ሁለት ደቂቃም አልሞላ ይሆናል። አየር ስባ፣ ስባ፣ ሲበቃት ቀና ብላ ጆቪን አየቻት።

«ፊትሽን ብታዪው!» አለችና ሳቀች፤ እንባዋ ግን ጉንጯ ላይ እየረጋ ነበር። ጃኬቷን ስቦ ማውጣቱ ሌላ አሥር ደቂቃ ፈጀ። እየተንቀጠቀጠች ለበሰችው። ከዚያ ቀኝ እጇን አንስታ አየችው። «ነክቼው ነበር እኮ፣ ጆቪ። ካፖርቱን በጣቴ ነክቼዋለሁ።»

«ሌስያ!»

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት። ሰኞ መኪናው ሳይመጣ። ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ። ብቻ ለማንም እንዳትተነፍሺ። ማዪልኝ።»

ጆቪ ማለች። ለምን እንደማለች አታውቅም። በርዷት ይሆናል።

ቤት ስትገባ ቲታ ኖርማ መጀመሪያ ያየችው መዳፏን ነው። ቆዳው ተልጧል።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ብረት።»

አክስቷ ቫዝሊን አመጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ከግማሹ የለም፤ በቀሩት ጣቶቿ መዳፉን ቀስ አድርጋ ትቀባዋለች።

«የኔን ጣት የወሰደው የፋብሪካ መቁረጫ መኪና ምን ያህል ጊዜ አብሮኝ እንደሠራ ታውቂያለሽ? ስድስት ዓመት። በየጠዋቱ እኔው ነበርኩ ዘይት የማጠጣው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልነካኝም። ሰው ‹እስከ ዛሬ ምንም አልሆንኩም› ሲል ከሰማሁ እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ቲታ...»

«አልጠየቅኩሽም» አለች ቲታ ኖርማ የቫዝሊኑን ክዳን እየዘጋች። «ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ካልፈለግሽ ደግሞ ሌላ ለሚሰማ ንገሪ። ይሄ መዳፍ ግን በጨዋታ የተላጠ አይደለም።»

ጆቪ ተኛች ለማለት ያህል ተኛች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ አጠር አጠር ያለ እስትንፋስ ይሰማታል። እየተቆጠረ ይሄድና ድንገት ይቋረጣል።

ቅዳሜ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ሆነ። መስኮቱ በውስጥ በኩል በረዶ ሠራ። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ሌስያ ናት።

«በሩን የምደግፍበት የተሰበረ የሆኪ ዱላ አገኘሁ። ብትቀሪም ችግር የለም፣ ፋራ :)»

ጆቪ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሄዳ በሩን ብትይዝ፣ የትናንቱ እጅ ነው ያላት፤ ይባስ ብሎ የተላጠ። ብትቀር፣ ሌስያ የምትተማመነው በተሰበረ ዱላ ነው። ብትናገር ደግሞ የዓርቡ ጠረጴዛ አበቃ። የሌስያ ቅድመ አያት ጃኬት፣ የጊምሊው ቆጥ፣ እስከ ዛሬ የተጨበጨበላት ሁሉ ይፈርሳል። ሌስያም ስሟን ዳግም አትጠራም። ሌስያ ስትቀየም እንዴት እንደምትቀየም ጆቪ አይታለች፤ አንዲት ልጅን ከጥቅምት ጀምሮ አላናገረቻትም።

እንደማትናገር ምላለች። መሐላ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ስምንት ተኩል ሲል ካፖርቷን ለበሰች። ቲታ ኖርማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ጓንት» አለቻት ብቻ።

ወደ ሆኪው ሜዳ የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ስትደርስ አልታጠፈችም። ቀጥ ብላ ሄደች፣ እስከ ሌስያ ቤት ድረስ። በሩን ስታንኳኳ መዳፏ ከጓንቱ ውስጥ ነደዳት።

የከፈተላት የሌስያ አባት ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ዕረፍቱ ነው፤ በካልሲ ቆሟል። ጆቪ እንደ ወገኖቿ ልማድ የጓደኛዋን አባት ‹ቲቶ› ትለዋለች፣ ‹አጎቴ› እንደማለት። እሱም ሲጠራበት ደስ ይለዋል።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ድርቅ ብለሽ ከመቅረትሽ በፊት! ሌስያ! ጓደኛሽ መጣች!»

ሌስያ ደረጃው ላይ ብቅ አለች። በአንድ እጇ ቦት ጫማዎቿን አንጠልጥላለች፣ በሌላኛው የያዘችውን የሆኪ ዱላ ከጀርባዋ ደብቃለች። ጆቪን ስታያት ፊቷ በራ።

«አውቄ ነበር እንደምትመጪ!»

ጆቪ አየቻት። እንዲህ በርታ ስትስቅላት ይሄ የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ ስለዚህ በደንብ አየቻት።

«ላንቺ አይደለም የመጣሁት» አለች።

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች።

«ቲቶ፣ እርስዎን ፈልጌ ነው። ጫማዎን ያድርጉና ይከተሉኝ። የማሳይዎት ነገር አለ።»

ከላይ አንደኛው ቦት ጫማ ከሌስያ እጅ አመለጠ። ደረጃውን አንድ በአንድ እየመታ ወረደና ከአባቷ እግር አጠገብ ቆመ። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ብርዱ እየገባ ነው፤ ማንም ሊዘጋው አልተንቀሳቀሰም።