ዝምታው ላይ የሚያንኳኳው

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ መንፈስ ምናምን የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ እሄድ ነበር፣ እመነኝ፣ አሁንም ይህን የማወራህ በራሴ እየተናደድኩ ነው።

ሦስት ሆነን የድሮ ሙዚቃ የምንጫወትበት ባንድ አለን፣ ልምምዳችን አዘዞ፣ እኔ ግቢ ሰርቪሷ ውስጥ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጋሽ ታደለ ከአሮጌ ዕቃው መሀል አንድ የፈረንጅ ሮክ ኤንድ ሮል ካሴት አግኝቶ፣ ከዚያ አንድ ዘፈን አጠናን። ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፅ ጥፍት ይላል፣ እኛም እዚያ ስንደርስ ሦስታችንም እኩል ዝም እንላለን፣ ከዚያ ድራሙ ይቀሰቅሰናል፣ እንዴት እንደምንኮራባት!

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ያቺ ዝምታ ላይ ስንደርስ የቆርቆሮ በራችን ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጋሽ ታደለ ድራመሩን ገላመጠው፣ እሱ እቴ፣ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ደገምነው፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ስከፍት ማንም የለም፣ ጭቃው ላይ የዶሮ ዱካ እንኳ የለም።

ባለቤቴ ሰናይት ናት ብዬ ነደደኝ። ጉንፋን ይዟት ትልቁ ቤት ተኝታለች፣ ጩኸታችን ሲያስመርራት ደግሞ ከመስኮት ጠጠር መወርወር ልማዷ ነው። ልቆጣት ገባሁ። በሩም መስኮቱም ጥርቅም ብሏል፣ ከአልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃ ይነዳል፣ ብጠራት አትሰማም፣ ብነቀንቃት አትነቃም።

ተሸክመን አወጣናት። ነፋስ ሲያገኛት፣ ከስንት ጭንቅ በኋላ፣ ዓይኗን ገለጠችና «ምነው፣ እስካሁን አልጀመራችሁም?» አለችኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙም ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

በኋላ ድራመሩ ያንኑ ዘፈን ስልኩ ላይ አግኝቶ ቢያሰማን፣ ዝምታ የሚባል ነገር የለውም። ለካ የእኛን ካሴት ቴፕ በልቶት ኖሯል! ያቺን የተበላች ቦታ ግን አልነካናትም፣ እንዳለች እንጫወታታለን፣ እኔም እዚያ በደረስኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ያንኳኳው ማንም ይሁን ይመስገን፣ ሰናይቴን መልሶልኛል።

ቅዳሜ ጎንደር አንድ ሆቴል ስንጫወት ዝምታው ላይ ደረስን፣ ሰናይት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትስቃለች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሦስታችንም ተያየን።

ጋሽ ታደለ ቀስ ብሎ፣ «አሁንስ የማን ቤት እንሩጥ?» አለ።

ከመድረክ ወርጄ ከእናቴ ጀምሬ ለማውቀው ሰው ሁሉ ደወልኩ፣ ሁሉም ደህና ነን አሉኝ። የአንተን ቤት ግን አላውቅም፣ እስቲ ደውል።